ከባሕር የወጣውን አውሬ እንዴት እናንብበው?

ጥያቄ፦ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 13 ሰባት ራሶችና ዐሥር ቀንዶች ያሉት አውሬ ከባሕር ሲወጣ እናነባለን። ምሳሌ ከሆነ ፍቺውን ከየት እናገኛለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በእርግጥ ምሳሌ ነው፤ ፍቺውንም አስቀድመን መፈለግ ያለብን ከመጽሐፉ ከራሱ ነው። በምዕራፍ 1 ሰባቱ መቅረዞች ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት እንደሆኑ ተገልጿል፤ በምዕራፍ 17 ደግሞ ውኆቹ ሕዝቦችና ቋንቋዎች፣ ዐሥሩ ቀንዶችም ዐሥር ነገሥታት ተብለው ተፈትተዋል።

ከዚያ ወደ ብሉይ ኪዳን መመለስ ያስፈልጋል። አውሬው ነብር ይመስላል፤ እግሮቹ የድብ፣ አፉ የአንበሳ ነው። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 7 ግን አንበሳው፣ ድቡና ነብሩ ለየብቻቸው ከባሕር የወጡ ሲሆኑ፣ ዐሥሩ ቀንዶች የአራተኛው አውሬ ናቸው፤ አራቱም አራት ነገሥታት መሆናቸው እዚያው ለዳንኤል ተነግሮታል። እንግዲህ ዮሐንስ የአራቱን መልክ በአንድ አካል ላይ ሲያይ፣ የዳንኤልን መጽሐፍ የሚያውቅ ምእመን የቀደሙት መንግሥታት ጭካኔ ሁሉ በአንድ ኃይል ተከማችቶ እንደቀረበ ወዲያው ይረዳል። ብዙ ተርጓሚዎች ይህን ኃይል በመጀመሪያ ከሮም ጋር ያያይዙታል፤ ሮም በሰባት ኮረብቶች ላይ የተሠራች ከተማ በመሆኗ፣ ምዕራፍ 17 ሰባቱን ራሶች ሰባት ተራሮች ማለቱም ይህን ይደግፋል፤ ገና የሚመጣ ኃይል ነው የሚሉም አሉ።

እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ የዕለቱን ዜና ይዞ ለእያንዳንዱ ቀንድ የአገር ስም መለጠፍ ነው፤ መጽሐፉ በመጀመሪያ የተላከላቸው በእስያ (በዛሬዋ ቱርክ ምዕራባዊ ክፍል) የነበሩት ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ከቶ ሊረዱት የማይችሉትን ፍቺ ለመቀበል እቸገራለሁ።