«ዳንኩ፣ ግን ቀሚሴ አልዘጋ አለኝ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የመጡልኝ ደብዳቤዎች ተነጋግረው የጻፏቸው ነው የሚመስሉት። ሁሉም የድባቴ መድኃኒትና የኪሎ ነገር ነው። ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው አቆይቼ አራቱን ላንሳ። ስም አላወጣም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ካረፈ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ፣ እህል አስጠላኝ፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ እያስተማርኩ እንባዬ ይመጣ ነበር። ሐኪሙ ድባቴ ነው ብሎ አሚትሪፕቲሊን አዘዘልኝ፣ ማታ ማታ እወስዳለሁ። እውነቱን ለመናገር አድኖኛል። ግን 52 ኪሎ የነበርኩት ሴትዮ አሁን 64 ገብቻለሁ። አማቴ «እሰይ፣ ተመቸሽ» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ለክት ያስቀመጥኩት የሐበሻ ቀሚስ አልዘጋ ብሎኛል። መድኃኒት ቤት ስጠይቅ «መድኃኒቱ አያወፍርም፣ አንቺ ምግብ ቀንሺ» አሉኝ። ሌሊት ተነስቼ ዳቦ እቆርሳለሁ፣ ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ላቁመው እንዴ?

መልስ፦ አታቁሚው እህቴ፣ ቢያንስ በራስሽ ጊዜ አታቁሚው። እሱን እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን «አያወፍርም» ያለሽን ሰው ነገር እንጨርስ። ተሳስቷል። አሚትሪፕቲሊን እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ሰው ሲወስደው የኖረ መድኃኒት ነው፤ ኪሎ መጨመሩም የታወቀ ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። አንጎላችን ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ነቅተን እንድንውል ያደርጋል፣ «ጠገብኩ፣ በቃኝ» የሚያሰኘውን ስሜትም ያግዛል። አሚትሪፕቲሊን ይህን ሂስታሚን ሥራውን እንዳይሠራ ይዘጋዋል። ያኔ እንቅልፍ ይመጣል፤ ማታ እንድትወስጂው የታዘዘውም ለዚሁ ነው። ረሃቡም አብሮ ይመጣል። የሚያምርሽ ደግሞ ጎመን አይሆንም፣ ዳቦና ጣፋጭ ነገር ነው። ስለዚህ ሌሊት ተነስተሽ ዳቦ መቁረስሽ ሆዳምነት አይደለም፣ ራስሽን አትውቀሺ።

ሌላም መንገድ አለው። አፍ ያደርቃል። አፉ የደረቀ ሰው መጠጣቱ አይቀርም፤ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ውስጥ፣ በዚያ ብርድ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ማን ይጠጣል? ሻይ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ በቀን አምስት ብርጭቆ ብትዪ 15 ማንኪያ፣ ማለትም 60 ግራም ያህል ስኳር ሆነ። ይህን ማንም «በላሁ» ብሎ አይቆጥረውም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም አካባቢ ይይዛል። ሻይሽን አልከለክልሽም፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ መከልከል ግፍ ነው፤ ስኳሩን ግን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሺው፣ ምላስ ይለምዳል። ቅርንፉድና ቀረፋ ያለበት ሻይ ስኳሩ ቢያንስም ይጠጣል።

አሁን ደግሞ መድኃኒቱንም አንበድለው። 52 ኪሎ የነበርሽው መቼ ነው? ከመታመምሽ በፊት ነው ወይስ እህል አስጠልቶሽ አጥንትሽ የቀረ ጊዜ? ሁለተኛው ከሆነ ከ12 ኪሎው ውስጥ የተወሰነው ሐዘኑ የወሰደብሽ የራሱ የሰውነትሽ ኪሎ ነው፣ ተመልሶ መጥቶ ነው። አማትሽም ያንን ጊዜ አይታለችና «ተመቸሽ» ብትል አትፍረጂባት። ኪሎሽን የት እንደምትመዘኚም እርግጠኛ ሁኚ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ጋቢሽን ደርበሽ፣ ሹራብና ወፍራም ጫማ አድርገሽ ከወጣሽበት ሁለት ሦስት ኪሎው ልብስ ነው። አንድ ሚዛን ምረጪ፣ ጠዋት፣ ቀለል ባለ ልብስ፣ በሳምንት አንዴ። ቁጥሩን ጻፊው፣ ለሐኪሙ ከወሬ ይልቅ ይህ ወረቀት ይጠቅመዋል።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። የሦስት ወሩን የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ትወጊያለሽ? እሱም በአንዳንድ ሴቶች ላይ ኪሎ ይጨምራል፣ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሁለቱ ተጋግዘው ነው። ከድባቴው ኪኒን ጋር ኦላንዛፒን ወይም ሶዲየም ቫልፕሮዌት ታዞልሽ ከሆነም እነሱ በውፍረት የሚታወቁ ናቸው። አንገትሽ ላይ እብጠት ካለ፣ ማለትም የእንቅርት ነገር፣ ታይሮይድሽ ይታይ። ታይሮይድ ሲዳከም ያወፍራል፣ ያበርዳል፣ ያደክማል፣ ድባቴም ያመጣል። ለዓመታት የድባቴ መድኃኒት ሲውጡ ከርመው ችግራቸው ታይሮይድ ሆኖ የተገኘ ሰዎች አሉ።

ወደ «ላቁመው እንዴ» ስመለስ፣ በአንድ ቀን ከተውሽው ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣትና መነጫነጭ ሊመጣብሽ ይችላል። እሱ በቀናት ወይም በሳምንታት ያልፋል። የሚያስፈራኝ ሌላው ነው፤ ድባቴው ራሱ ቀስ ብሎ መመለሱ። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ደህና ከሆነ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር መድኃኒቱን እንዲቀጥል የሚደረገው ለዚህ ነው። ማቆምም ሆነ መቀየር መጠኑን ደረጃ በደረጃ እየቀነሱ ነው።

መቀየር የሚባል ነገር ደግሞ አለ፣ ይህን ማንም ሳይነግርሽ ቀርቷል። ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን በአብዛኛው ሰው ላይ ከአሚትሪፕቲሊን ያነሰ ነው የሚያወፍሩት። ሚርታዛፒንና ፓሮክሰቲን ከሚያወፍሩት ወገን ናቸው፣ ወደነሱ ብትቀየሪ ብዙም አታተርፊም። ቡፕሮፒዮን የሚባለው ጭራሽ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ከ183 ሺህ በላይ ታካሚዎችን መዝገብ አይቶ ነበር። ስምንት የድባቴ መድኃኒቶችን ሲያወዳድር በስድስት ወር ውስጥ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በአማካይ አንድ ኪሎ እንኳ አልሞላም። ያንቺው አሚትሪፕቲሊን ከስምንቱ ውስጥ የለም። አማካይ ማለት ደግሞ ምንም ያልጨመረውና አሥር ኪሎ የጨመረው ተደምረው የተካፈሉበት ቁጥር ነው፤ የራስሽን ቁጥር ያዢ።

ቀጠሮሽ ሲደርስ ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ። «መድኃኒቱ ረድቶኛል፣ ግን ይህን ያህል ኪሎ ጨምሬያለሁ፣ በዚህ ምክንያት ለማቆም አስቤ ነበር፣ የሚቀየር ነገር አለ ወይ?» በይው። ይህቺን «ለማቆም አስቤ ነበር» የምትለዋን አትርሺያት፣ ጉዳዩ የቀሚስ ብቻ እንዳልሆነ የሚገባው በሷ ነው። የደም ስኳርና የደም ግፊትሽንም እንዲለካ ጠይቂ። እስከዚያው ግን የጎረቤት ፍሉኦክሰቲን ተውሰሽ በአሚትሪፕቲሊኑ ላይ እንዳትደርቢ አደራ። ፍሉኦክሰቲን አሚትሪፕቲሊንን ደም ውስጥ እንዲከማች ያደርገዋል፣ ሲከማች ደግሞ ልብን ይነካል። ቅያሪውን የሚያስላው ሐኪሙ ነው።

ምግቡን በተመለከተ፣ ራትሽ ላይ እንጀራው ይነስና ምስሩ፣ ሽሮው ወይ እንቁላሉ ይብዛ፣ እነሱ ቶሎ አያስርቡም። ዘይቱን በጠርሙሱ አፍ አትገልብጪው፣ በማንኪያ ለኪው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ነው፣ የጾም ወጥ ላይ ስንቱ እንደሚገባ አንቺው ታውቂዋለሽ። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ባጃጁን ተዪና በእግርሽ ነይ።

ጥያቄ፦ ከመሃል ሜዳ ነው። በግ እነግዳለሁ፣ ዕድሜዬ 41። ለጭንቀትና ለድባቴ ፍሉኦክሰቲን ከጀመርኩ ወዲህ ምግብ አይበላልኝም፣ ኪሎዬ ቀነሰ። ሰው በኪኒን ይወፍራል ይላል፣ እኔ ከሳሁ። ገበያ ላይ «ያ በሽታ ይዞት ነው» እያሉ ያሙኛል። ለብርዱም ለጭንቀቱም ማታ ማታ አረቄ ቢጤ እቀምሳለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍሉኦክሰቲን ካንተ ጋር አልተጣላም፣ ጠባዩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ያቅለሸልሻል። ማቅለሽለሹ ለብዙ ሰው በአንድ ሁለት ሳምንት ይሻላል፤ ኪሎውም ጊዜ ሲሄድ ይመለሳል፣ እንዲያውም ቆይቶ ትንሽ የሚጨምር ሰው አለ። ጠዋት ቁርስህን ከበላህ በኋላ ውሰደው፣ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል። ምግብ በአንዴ ካልወረደልህ በሶ በጥብጠህ ጠጣ፣ ገንፎ በቅቤ ብላ። መንዝ ላይ ገብስ የቸገረው ሰው የለም።

ሐሜቱን ተወውና ምርመራውን ግን አትተው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ሌሊት ላብ ወይም ትኩሳት ካለህ አክታህ ለቲቢ ይመርመር። ውሃ ጥም ከበዛብህና ሽንት ቶሎ ቶሎ ከመጣህ የደም ስኳር። የኤች አይ ቪ ምርመራም አብረህ አድርግ። መፍራት ሳይሆን መገላገል ነው፣ ለሐሜተኞቹም ሳይሆን ላንተ። እነዚህ ሁሉ ነጻ ከሆኑና ክብደትህ መውረዱን ካላቆመ ምናልባት ድባቴው ራሱ ገና አለቀቀህም፣ መጠኑ ይታይልህ።

አረቄውን ግን አቁም። እያወቅሁ ዝም ልልህ አልችልም። አረቄ ለጊዜው ያሞቃል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ሌሊት ያነቃል፣ ጠዋት ጭንቀቱን ጨምሮ ይመልስልሃል፤ ባንድ እጅህ መድኃኒቱን እየወሰድክ በሌላው እያፈረስከው ነው። ቅምሻው በየቀኑና ብዙ ከሆነ ግን እሱንም በአንዴ አትቁረጠው፣ ለሐኪምህ ንገረውና በሱ ምክር ይሁን።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነኝ። ሰርትራሊን ስወስድ አራት ኪሎ ጨመርኩ። ቴሌግራም ላይ «በሁለት ሳምንት የሚያቀጥን ሻይ» ይሸጣሉ፣ «ቅጠል ስለሆነ ጉዳት የለውም» ብለውኛል። ልጠጣው?

መልስ፦ አይሆንም! እንደነዚህ ዓይነት «ሻዮች»ና ኪኒኖች ውስጥ በተለያዩ አገሮች ሲመረመሩ በተደጋጋሚ የተገኘ ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት አለ። በልብና በደም ሥር ላይ በሚያመጣው ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ ነው። ዕቃው ላይ አይጻፍም። ከሰርትራሊን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ሴሮቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ስለሚጨምሩ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና መቃዠት ሊያመጣ ይችላል፣ ይህ ሆስፒታል የሚያስተኛ ነገር ነው። ሲቡትራሚን የሌለበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው፤ ስብ አያወጣም፣ ውሃ ነው የሚያወጣው፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ተቅማጥ ተጨምሮ አስቢው። ለአራት ኪሎው ከላይ ለደብረ ብርሃኗ እህት የጻፍኩትን አንብቢ።

ጥያቄ፦ እነዋሪ ነው የምንኖረው። እናቴ 66 ዓመቷ ነው፣ ሰርትራሊን ጠዋት ጠዋት ትወስዳለች። ሁዳዴ ሲገባ እስከ 9 ሰዓት ስለምትጾም መድኃኒቱን በባዶ ሆድ ትውጣለች ወይም ትተወዋለች። ከስታለችም። አሁን ደግሞ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ሄጄ ልክረም ብላለች፣ መድኃኒቱን ይዛ ልትሄድ አልፈለገችም። እንዴት ላድርጋት?

መልስ፦ ከጾሙ እንጀምር። ሰርትራሊን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው፣ ጠዋት መሆኑ ግዴታ አይደለም። ሐኪሟን ጠይቀህ ወደ ማታ፣ ከራት በኋላ ይዛወርላት፤ ምግብ ላይ ሲሆን ማቅለሽለሹም ይቀንሳል። ጾሙ 55 ቀን ነው፣ በዚህ ዕድሜ እየከሱ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ከባድ ነው። እኔ «አትጹሚ» ብላት አትሰማኝም፣ አንተንም አትሰማህም። የንስሐ አባቷን አነጋግራቸው። ለታመመ ሰው ሰዓቱን ማሳጠር አዲስ ነገር አይደለም፣ እሳቸው ከነገሯት ትሰማለች። ምግቡ የጾም ይሁን እንጂ ይብዛላት፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ ኑግ፣ ተልባ።

ጠበሉን እኔ አልከለክልም፣ መከልከልም አያስፈልግም። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጥያቄ ሲነሳ ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ለእናትህ ይህን ንገራት። ኪኒኑን ለቆይታዋ የሚበቃ ቆጥረህ ያዝላት፣ አብሯት ለሚሄደው ሰው ስጠው። ጠበል ጠጥታ ካስመለሳት ጠዋት የዋጠችው አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህም ማታው ይሻላታል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ሰርትራሊንና የመሳሰሉት በአረጋውያን ደም ውስጥ ያለውን ጨው፣ ሶዲየሙን፣ ዝቅ ሊያደርጉ ይችላሉ። በባዶ ሆድ ብዙ ውሃ ሲጠጣበት ደግሞ ይብሳል። አብሯት የሚሄደው ሰው ጠበሉን በጥቂት በጥቂቱ እንድትጠጣ ያድርግ፤ ራስ ምታት፣ መደናበር፣ መንገዳገድ ወይም የማይለቃት እንቅልፍ ካየባት «ጠበሉ እየሠራ ነው» ብሎ እንዳይጠብቅ። በዚያው ቀን አቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይውሰዳት፣ የመድኃኒቱን ማሸጊያም ይዞ ይሂድ።