ስንት ልጅ ከማለታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በነርስነት ካገለገልኩባቸው ዓመታት አብዛኞቹን ያሳለፍኩት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ትዳር የያዙና ሊይዙ ያሰቡ ወጣቶች ቤቴ ድረስ እየመጡ «ሲስተር፣ ስንት ልጅ ብንወልድ ይሻላል?» ይሉኛል። ቁጥር እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን አስቀድሜ በልጆቹ መካከል ስንት ዓመት እንዲኖር እንዳሰቡ፣ ከዚያም ሕፃኑን ከእናቱ እጅ ተቀብሎ የሚይዝ ሌላ ሰው በቤቱ መኖር አለመኖሩን እጠይቃቸዋለሁ፤ የሕፃኑን ስሜትም ሆነ የወላጁን ጭንቀት ከልጆቹ ብዛት ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ይወስኑታል ብዬ አምናለሁና።

እርግጥ ቁጥሩ ራሱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 5.5 ልጆች ትወልድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ይህ ወደ 4.6 ወርዷል፤ በገጠር 5.2፣ በከተማ ደግሞ 2.3 ሆኖ ተገኝቷል። እኛ ዘንድ ይህ ልዩነት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይታያል። አያት ማና ወይም ጎማ ወረዳ ስምንት ልጅ አሳድጋለች፤ የልጅ ልጇ ጅማ ከተማ ቆጪ ሰፈር በተከራየችው አንድ ክፍል ሁለት ወልዳ ይበቃኛል ትላለች። ታዲያ ስምንቱን ያሳደገችው አያት እንዳልደከማት፣ ሁለቱን የያዘችው ግን ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣች ሲነግሩኝ አልገረመኝም። የአያት ግቢ ውስጥ አማት፣ እህትና ጎረቤት ነበሩ፤ በተከራየችው ክፍል ግን በሩ ከተዘጋ እናትና ልጆቿ ብቻ ይቀራሉ፣ ባልም ከሥራ የሚገባው ከመሸ በኋላ ነው።

ስለ ሕፃኑ ልንገራችሁ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲቆጣ፣ ሲፈራ ወይም ሲከፋው ራሱን በራሱ ማረጋጋት ገና አይችልም፤ መረጋጋቱን የሚያገኘው ከያዘው ሰው ድምፅ፣ ፊትና እቅፍ ነው። በዚህ ዕድሜው ሌላ ሕፃን ሲመጣበት የሚሰማውን በቃል ሊነግረን ስለማይችል በአካሉ ይነግረናል። አንድ ቀን የሦስት ወር ሕፃን ልመዝን ከእናቷ ጭን ላይ ሳነሣት፣ ሁለት ዓመቱን ገና የደፈነው ወንድሟ ወዲያው ባዶው ጭን ላይ ወጥቶ የእናቱን ነጠላ በራሱ ላይ ሳበና ተሸፈነበት፤ ሕፃኗን መልሼ ሳመጣም አልወጣም አለ። እናቱ «ይኸውልሽ ሲስተር፣ ሽንቱን መናገር የጀመረው ልጅ መልሶ ይሸናል፤ እሷን ይነክሳታል፤ እኔ እመታዋለሁ፣ ከዚያ አብሬው አለቅሳለሁ» አለችኝ። ይህ ልጅ ባለጌ አልነበረም። ጡት የጣለው እናቱ ስላረገዘች በድንገት ነው፤ ያንን ሳይረሳ ጭኑም ተወሰደበት። እናቱም ክፉ አልነበረችም፤ ከወለደች ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ አታውቅም።

የወላጅ ጭንቀትና የሕፃን ስሜት እርስ በርስ የሚቀጣጠሉት እንዲህ ነው። የደከመች እናት ትጮኻለች፤ ልጁ ይበልጥ ይጣበቅባታል ወይም ይበልጥ ያስቸግራል፤ ያ ደግሞ ድካሟን ያባብሰዋል። ልጆች ሲበዙና ሲቀራረቡ ይህ ዑደት ፋታ አያገኝም። የወላጅ ፍቅር እንደ እንጀራ ተቆርሶ አያልቅም፤ ጊዜው፣ ጉልበቱና ገንዘቡ ግን ተቆርሰው ያልቃሉ።

ብዙ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ሕፃን የሚጎዳበት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ታላላቆቹ ታናሹን ያጫውታሉ፣ ቋንቋ ያስተምራሉ፣ ሲያለቅስ ያባብላሉ። የሚያሳስበኝ የታላቋ ሴት ልጅ ነገር ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት እናት ማሳ ስትውል ታናሹን በአንቀልባ አዝላ የምትውለው፣ ከትምህርት ቤት የምትቀረው እሷ ናት፤ የእሷን መከፋት ግን ጨዋ ናት ተብሎ ማንም አይጠይቃትም።

አንድ ልጅ ብቻ ያላችሁም ጎረቤት «ቀበጥ ይሆንባችኋል» ሲላችሁ አትሸበሩ። ለአሥርት ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ ያለ ወንድምና እህት ያደጉ ልጆች በጠባይም ሆነ ከሰው ጋር በመግባባት ከሌሎች ያነሱ ሆነው አልተገኙም። በዚህ ቤት የሚያሰጋው የወላጅ ስጋት በአንድ ልጅ ላይ ብቻ ማረፉ ነው፤ ልጁ ባስነጠሰ ቁጥር የሚደነግጥ ወላጅ ድንጋጤውን ያጋባበታል።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን የአባቶቻችንን አባባል አከብራለሁ፤ በተስፋ የተነገረ ነው። ነገር ግን ሌሊት የሚያለቅስን ልጅ አንሥቶ የሚያባብል ሰው ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ከማርገዟ በፊት ቢያንስ 24 ወራት እንድትቆይ ይመክራል። ምክሩ በዋናነት የእናትንና የሕፃንን ጤና ታሳቢ ያደረገ ነው፤ እኔ ግን ታላቁ ልጅ አፉን ፈትቶ፣ በእግሩ ሮጦ፣ የከፋውን መናገር የሚጀምርበትም ዕድሜ በመሆኑ እጥፍ ዋጋ እሰጠዋለሁ። ሕፃኑን በ45ኛው ቀን ለክትባት ስትወስዱት ስለ ቤተሰብ ምጣኔ በዚያው ጠይቁ፤ በክንድ የሚቀበረውም፣ በማህፀን የሚቀመጠውም፣ መርፌውም የየራሳቸው ጥቅምና ጉዳት ስላላቸው ሳትቸኩሉ አስረዱን በሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤታችሁ ስትመጣ አታፍሯት።

ሁለተኛው ልጅ ሲመጣ ታላቁን አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ጡትም ቀስ በቀስ አስጥሉት፤ ከወሊድ በኋላም በየቀኑ ለእሱ ብቻ የምትሆን አጭር ጊዜ አትንፈጉት። ያቺን እናት ያልኳት ይህንኑ ነበር፤ ሕፃኗ ስትተኛ ሥራውን ትተሽ ልጁን እቀፊው አልኳት። እናት ከሁለት ሳምንት በላይ ሐዘን ከተጫናት፣ ምግብ ካስጠላት፣ ሕፃኑን ማየት ከከበዳት ግን ይህ በምክር የሚያልፍ ድካም አይደለምና ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

እናንተ ወጣት አባቶች ሆይ፣ ክትባት በሚሰጥበት ቀን በራፉ ላይ ቆማችሁ አትጠብቁ። ገብታችሁ ሕፃኑን ያዙ፤ ከነርሷ የሚሰጠውን ምክር በጆሯችሁ ስሙ፣ የሚቀጥለውንም ልጅ መቼ እንደምትወልዱ ከባለቤታችሁ ጋር ሆናችሁ እዚያው ተመካከሩ።