ሚዲ ኪቦርድን ከሙዚቃ ሶፍትዌር ጋር ማገናኘት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኪቦርዱን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ ብጫወትም ምንም ድምፅ አይሰማም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ብልሽት ነው ብለው ከመደምደምዎ በፊት፣ ሚዲ ኮንትሮለር (እንደ እርስዎ ኪቦርድ ያለ የሙዚቃ ሶፍትዌር ማዘዣ) በራሱ ድምፅ እንደማያመነጭ ልብ ይበሉ። የሚልከው የትኛው ቁልፍ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካና መቼ እንደተለቀቀ የሚገልጹ ቁጥሮችን ብቻ ሲሆን፣ ድምፁን የሚፈጥረው ሶፍትዌሩ ላይ የተጫነው የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌርዎ ኤፍኤል ስቱዲዮ ከሆነ በሚዲ ሴቲንግስ ውስጥ የኪቦርዱን ስም መርጠው ኢኔብል ያድርጉት፤ ኤብልተን ላይቭ ከሆነ ደግሞ በሴቲንግስ ውስጥ ከኪቦርዱ ኢንፑት ጎን ትራክ የሚለውን ያብሩ። ኪቦርዱ መብራት እያበራ ስሙ ከዝርዝሩ ከጠፋ ገመዱን ይቀይሩ፤ ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ገመዶች ኤሌክትሪክ እንጂ መረጃ አያስተላልፉም።

ጥያቄ፦ በላይቭ የትራኩን ድምፅ መጠን በማዞሪያ ማዘዝ ፈልጌ ነበር፤ ገና ስነካው ግን ድምፁ በድንገት ይጮኻል።

መልስ፦ ማዞሪያን ከሶፍትዌሩ ጋር ለማያያዝ በመጀመሪያ በሴቲንግስ ውስጥ ሪሞት የሚለውን ያብሩ፤ ከዚያም ኮንትሮልና ኤምን (በማክ ኮማንድና ኤምን) ተጭነው የሚፈልጉትን ቦታ በማውስ ይንኩና ማዞሪያውን ያንቀሳቅሱ። ድምፁ የሚዘለው፣ ተራ ማዞሪያ ከ0 እስከ 127 ካሉት ቁጥሮች አሁን የቆመበትን ስለሚልክ፣ ሶፍትዌሩም ከነበረበት ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ወደዚያ ቁጥር ስለሚሄድ ነው። ማዞሪያው ዋጋውን እንዴት እንደሚረከብ የሚወስነውን ቴክኦቨር ሞድን ወደ ፒክአፕ ከቀየሩት ማዞሪያው በስክሪኑ ላይ ያለውን ዋጋ አልፎ እስኪሄድ ድረስ ምንም አይለውጥም፤ በተለይ መድረክ ላይ ለሚጫወት ሰው ይህን አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ ቁልፉን ከነካሁ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል።

መልስ፦ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኪቦርዱ ሳይሆን የድምፅ ሴቲንጉ ነው። በ44,100 ኸርዝ (በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ወይም የድምፅ ናሙና) የ512 ሳምፕል በፈር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅምበት ማቆያ፣ ብቻውን 11.6 ሚሊሰከንድ ያህል ሲያዘገይ፣ 128 ሳምፕል ግን 3 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዊንዶውስ መዘግየትን የሚቀንሰውን የኤዚዮ (ASIO) የድምፅ ድራይቨር ይምረጡ፤ ሲቀርጹ በፈሩን ዝቅ፣ ሚክስ ሲያደርጉ ከፍ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ድምፅ የሚያራዝመውን ፔዳል ስለቀው ድምፁ ይረዝማል፣ ስጫነው ይቆማል።

መልስ፦ የፔዳሉ ፖላሪቲ (ሲረገጥና ሲለቀቅ የሚልከው ምልክት አቅጣጫ) ተገልብጧል። ኪቦርዱን አጥፍተው ፔዳሉን ይሰኩና ሳይረግጡት መልሰው ያብሩት፤ ብዙ ኪቦርዶች ፖላሪቲውን የሚለዩት ሲበሩ ነው።

ጥያቄ፦ በአምባሰል ቅኝት ስጫወት የማሲንቆውን መንሸራተት ማምጣት አልቻልኩም።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ትልቅ ትኩረት ይገባዋል፤ ዜማችን ከድምፅ ወደ ድምፅ በሚወስደው መንገድ ጭምር ነውና ውበቱ። ከሲ የሚነሣውን አምባሰል (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) ቁልፎቹ ቢሰጡዎትም በመካከላቸው ያለውን መንሸራተት ግን አይሰጡም። ለዚህ የሚያገለግለው የፒችቤንድ ዊል (ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትት የኪቦርዱ ጎማ) ነው፤ እንደ ተራ ማዞሪያ 128 ሳይሆን 16,384 ደረጃዎች ስላሉት መንሸራተቱ አይቆራረጥም። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ሲከፈቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሁለት ሰሚቶን (ሰሚቶን በሁለት አጎራባች ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት ነው) ብቻ ስለሚሄዱ፣ ከዲ ፍላት እስከ ኤፍ ለመንሸራተት የቤንድ ሬንጁን ቢያንስ ወደ አራት ያሳድጉት። ዊሉ በአንድ ቻናል ላይ የሚሰሙትን ድምፆች ሁሉ አብሮ ስለሚያንሸራትት፣ የማሲንቆውን መስመር ከአጃቢው ለይተው በራሱ ትራክ ይቅረጹት።