የቫልቭ ድምፅ ለሚያስጨንቃችሁ የጅማ ልጆች

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ሞተሬ አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ነው። ቫልቩ ይንጫጫ ስለነበር ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አጠበቅኩት። አሁን ዝም ብሏል፤ ግን የዴዶን ዳገት እንደ ድሮው አይወጣልኝም። ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ይጠፋል። ፒስቶን ላስቀይር ወይ?»

ጥያቄው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን አንድ ሞተር አስታወሰኝ።

የአንድ የግብርና ባለሙያ ሞተር ነበር፤ እሱም ሲጂ 125። ዘይቱ በጊዜው የሚቀየርለት፣ ሰንሰለቱ የሚቀባለት ሞተር ነው። መንገድ ዳር ቫልቩን፣ ማለትም የሞተሩን ጋዝ ማስገቢያና ማስወጫ መዝጊያ፣ በጆሮ ብቻ አጠበቁለት፤ ባለቤቱም ድምፁ ስለጠፋ ተደስቶ ወደ ሰቃ ይመላለስ ጀመር። መጀመሪያ የተረበሸው ሚኒሞው ነው። ቀጥሎ ቁልቁለት ላይ ጋዙ ሲለቀቅ ማርሚታው (የጭሱ ድምፅ ማፈኛ) ውስጥ ይፈነዳ ጀመር። ከዚያ የማስነሻ መርገጫው ላላ፤ በእጅ እንኳ የሚወርድ ሆነ። ይህን ያየ ሁሉ «ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል» አለ። ካሚሻው (ፒስቶኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር) ተቆርጦ ሰፋ፣ አዲስ ፒስቶንና ፋሻ ገባ፣ ሞተሩ ግን ያው ሆነ። በመጨረሻ ቴስታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ሲገለበጥ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ጫፉ አይጥ እንደበላው እንጀራ ተሸርፏል፤ መቀመጫውም ተቦርብሯል። የወጣው አሮጌ ፒስቶን ገና ብዙ የሚሠራ ነበር። ያን ሁሉ ወጪ ያመጣው በቫልቩ ግንድና ቫልቩን በሚገፋው ክንድ፣ በቢላንቼሪው፣ መካከል የምትኖር አንድ ወረቀት የማታህል ክፍተት መጥፋቷ ነው።

ምክንያቱን በደንብ ያዙት። የጭስ ማውጫው ቫልቭ በሚነድ ጋዝ መካከል ይሠራል፤ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስወጣው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ በሚያርፍባት ቅጽበት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ሲዞር ቫልቩ 3000 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ስለዚህ የማረፊያው ጊዜ እጅግ አጭር ናት። ክፍተት ከሌለ ቢላንቼሪው ቫልቩን ትንሽ ገፍቶ ይይዘዋል፤ እሳቱም በዚያች ስንጥቅ እየሾለከ ጫፉን ይበላል። በዚያ ላይ ቫልቩ መቀመጫውን እየደበደበ ወደ ውስጥ ሲገባ ግንዱ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ማንም ሳይነካው ክፍተቱ በራሱ ሊጠብ ይችላል። የላላ ቫልቭ ይንጫጫል፣ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ትንሽ አቅም ይቀንሳል። የጠበቀው ግን ድምፅ ሳያሰማ ቴስታ ይጨርሳል።

አሠራሩ ይህ ነው። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ የቀዘቀዘ ይሁን። መጀመሪያ የቴስታውን ዙሪያ በብሩሽና በጨርቅ አጽዱ፤ የጅማ ጭቃ ክዳኑ ሲከፈት ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ። ሞተሩ በቀላሉ እንዲዞር ካንዴላውን (እሳት ሰጪውን) ፍቱ። በግራ በኩል ቮላኖውን (የሞተሩን ከባድ መዘውር) ወደ መደበኛ አዟዟሩ እያዞራችሁ «ቲ» የሚለውን ምልክት ከሰውነቱ ምልክት ጋር አገጣጥሙ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ምልክቱ በአንድ ሙሉ ሥራ (በሁለት ዙር) ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ የሚፈለገው ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉበት ነው። ሁለቱንም ቢላንቼሪዎች በጣት ነቅንቁ፤ ሁለቱም ትንሽ መንቀሳቀስ አለባቸው። አንዱ ከተወጠረ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩና እንደገና ሞክሩ። የሁለቱም ቫልቭ ልክ 0.08 ሚሊሜትር ነው። የሌላ ሞተር ባለቤት ከሆናችሁ የራሱን መጽሐፍ ተመልከቱ፤ የጎረቤታችሁን ልክ አትዋሱ። በወረቀት የሚለኩም አያለሁ። ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት 0.1 ገደማ ነው፣ ሲጫኑትም ይሳሳል፤ የልኬት ቆርቆሮ (ውፍረቱ የተጻፈበት ቀጭን ቆርቆሮ) ግዙ።

በቢላንቼሪውና በቫልቩ ግንድ መካከል የገባው ቆርቆሮ እየያዘ ግን ሳይታጠፍ መሳብ አለበት። በቢላንቼሪው ጫፍ ያለውን ማስተካከያ ብሎን በያዛችሁበት መቆለፊያ ዳዶውን አጥብቁና እንደገና ለኩ፤ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ይዞራል። ከዚያ መርገጫውን ቀስ ብላችሁ ጥቂት ጊዜ አዙራችሁ ሦስተኛ ለኩ። ልኩ ትክክል ሆኖ አሁንም በጣም ከተንጫጫ የብሎኑን ጫፍ እዩ፤ መሃሉ ከጎደጎደ ጠፍጣፋው ቆርቆሮ ጉድጓዱን ሳይነካ ያልፋል፣ ልኬቱም ይዋሻል። ብሎኑ ይቀየር።

መጽሐፉን አክብሩ አልኩ፤ ያም ሆኖ አሮጌ ሞተር ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ ከሆነ የጭስ ማውጫውን 0.10 ብትተዉለት አልቃወምም። ትንሽ ይሰማል፤ ይሰማ።

አቅም ስለመጨመር ስትጠይቁ ደግሞ የዛሬ ልጆች ማርሚታ መብሳትና ፊልትሮ ማውጣት ትወዳላችሁ። የሚጨምረው ድምፅ ነው። ያለ ፊልትሮ በመኸር ወቅት የጀንፈል ቡና መፈልፈያ አጠገብ ስታልፉ ያ ሁሉ ገለባና አቧራ በቀጥታ ካሚሻው ውስጥ ይገባል፤ ፋሻ እንደ ሞረድ ይበላል። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1700 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ያን ያህል አቅም በማንም ብልሃት አይመለስም። የሚደረገው የቤንዚኑንና የአየሩን ድብልቅ ማስተካከል ነው። ካንዴላው ጥቁርና ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ዋናውን ጂግለር (የካርቡራተሩን ቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር አሳንሱ። ቡናማ ከሆነ አትንኩት። ከነጣ ግን አየር በዝቶበታል፤ በተለይ ወደ ጊቤ በረሃ የምትወርዱ ተጠንቀቁ፣ እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ድብልቁ ይበልጥ ይሳሳል።

ለዴዶ ዳገት ርካሹ መፍትሔ ሰንሰለቱን የሚያዞረው የፊት ጥርስ ነው። ከ15 ወደ 14 ብትቀንሱ የጎማው ጉልበት 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከዚያ በፊት ግን የኋላ ጎማውን አንሥታችሁ በእጅ አዙሩ። ፍሬኑ ከያዘው ሌላውን ሁሉ መነካካት ከንቱ ድካም ነው።

አንተ ልጄ፣ ፒስቶኑን ገና አትንካ። ዛሬውኑ ቫልቩን አላላና በልኩ መልሰው። ለውጥ ከሌለ ጋዙን ሙሉ ከፍተህ መርገጫውን ቀስ ብለህ ተጫን፤ በማርሚታው በኩል የትንፋሽ ሹክታ ከሰማህ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ነው፣ በካርቡራተር በኩል ከሆነ ደግሞ የመግቢያው። በጆሮ አትለኩ እላለሁ እንጂ ለዚህ ጆሮ ጥሩ ነው። ቀጥሎ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው። መርገጫው ከጠነከረ ፋሻው ነው፤ ካልተለወጠ ችግሩ ከላይ ነው፣ ቴስታው ይውረድ። ሲወርድ ቤንዚን በቫልቮቹ መተላለፊያ አፍስስና የሚያልበውን እይ። ቀለሙ ብቻ የጠቆረ ቫልቭ ከመቀመጫው ጋር ተፋጭቶ ይድናል፤ የተሸረፈው ግን አዲስ ይገዛለታል። አዲስ ጓርኒሲዮን (ከቴስታው ሥር የሚገባውን ማሸጊያ) ስትገጥም ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ክፍተቱን መልሰህ ለካ፤ ጓርኒሲዮኑ ሲረግጥ ቴስታው ትንሽ ይወርዳል፣ ክፍተቱም እንደገና ይጠባል።