ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ተከታትለው የሚመጡባቸው የእንግሊዝኛ ቃላት

ውድ እኅቴ፣ «ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የሚባሉት አራት ፊደላት ተከታትለው ሲመጡ በአንዱ ቃል መጨረሻቸው እንደ ፍ ይነበባል፤ በሌላው ደግሞ ጂና ኤች ጨርሰው አይሰሙም፤ ሕጉ ምንድን ነው?» ሲሉ ያቀረቡት ጥያቄ እኔንም ለዓመታት ሲያስቸግረኝ የኖረ ነው። ሁሉንም ቃላት የሚገዛ ሕግ የለም፤ ሕግ ፍለጋውን ትቼ ቤት የሚመቱትን ቃላት አንድ ላይ ማጥናት ከጀመርኩ በኋላ ግን ነገሩ ቀልሎልኛል።

በአሜሪካ አረጋውያንን በቤታቸው በመንከባከብ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ የማስታምማቸው እናት ሌሊቱን ሲያስሉ ስላደሩ ለነርሷ ደወልኩ። ሳል የሚለውን ቃል፣ ማረሻ ማለት በሆነው «ፕላው» አምሳያ «ካው» ብዬ ጠራሁት፤ ይህም ላም ማለት ነው። ነርሷ ደጋግማ ብትጠይቀኝም ሊገባት ስላልቻለ፣ ስልኩን ወደ አረጋዊቷ አስጠግቼ ሳሉን ራሱን አሰማኋት። ትክክለኛው ንባብ «ኮፍ» መሆኑን ያወቅሁት በዚያች ሌሊት ነበር።

ከሁሉ አስቀድመው በቲ የሚጨርሱትን እንዲይዙ እመክራለሁ፤ በእነዚህ ውስጥ የፍ ድምፅ ስለማይገባ የሚያደናግሩ አይደሉም። «ቦት» ገዛ፣ «ብሮት» አመጣ፣ «ፎት» ተዋጋ፣ «ሶት» ፈለገ ማለት ነው። አሰበ የሚለው ቃልም በእኛ ፊደል «ሶት» ተብሎ ከመጻፍ በቀር ሌላ አማራጭ ባይኖረውም፣ ሲነገር ግን የምላስ ጫፍ በጥርሶች መካከል መውጣት አለበት። ከዚህ ቤት የሚያፈነግጠው ድርቅ ማለት የሆነው «ድራውት» ነው።

በፍ የሚጨርሱት ጥቂት ናቸው፦ «ኢናፍ» በቂ፣ «ራፍ» ሻካራ፣ «ታፍ» ጠንካራ ወይም አስቸጋሪ፣ እንዲሁም «ኮፍ»። ሁለቱ ፊደላት ከማይሰሙባቸው መካከል ሊጥ የሚባለው «ዶው» እና የዛፍ ትልቅ ቅርንጫፍ የሚባለው «ባው» ይገኛሉ፤ «ፕላው»ን አሜሪካውያን በኦና በደብልዩ ብቻ ስለሚጽፉት እዚያ ያለ ሰው ከዚህ ችግር ይድናል። በአንድ ነገር ውስጥ አልፎ መሄድን የሚያመለክተው «ስሩ» እና የተሟላና ጥንቃቄ የተሞላበት ሥራ የሚገለጽበት «ሰሮ» በጽሑፍ የሚለያዩት በአንዲት ኦ ብቻ ስለሆነ፣ እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፈው ቢያጠኗቸው ይሻላል። በእንግሊዝ አገር «ላፍብራ» የምትባል ከተማ አለች፤ አራቱ ፊደላት በስሟ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብተው፣ አንዴ በፍ ይነበባሉ፣ አንዴ ደግሞ ጂና ኤች አይሰሙም።

ምክንያቱን ማወቅ ብስጭቴን አብርዶልኛል። ጂና ኤች በጥንቱ እንግሊዝኛ ከጉሮሮ ለሚወጣ፣ ከእኛ ኽ ጋር ለሚቀራረብ ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ ዘመዱ ጀርመንኛ አመጣ ለማለት ዛሬም «ብራኽተ» ይላል። ድምፁ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ውስጥ ሲጠፋ፣ በአንዳንድ ቃላት ወደ ፍ ተለወጠ፣ በሌሎቹ ጭራሽ ቀረ፤ አጻጻፉ ግን ባለበት ቆየ። በእኛም እንዲሁ ሆኗል። እርስዎን የጠራሁበት «እኅት» የሚለው ቃል በግእዝ ኅ በጉሮሮ ይሻክር ነበር፤ በዐረብ አገር የሠራ ሰው ይህንኑ ድምፅ «ኡኽት» ሲባል ይሰማዋል። ዛሬ እኛ ኀን እንደ ሀ እናነበዋለን፤ ብዙዎቻችን እንዲያውም «እት» ብለን እንጠራለን፤ ፊደሉን ግን አልጣልነውም።

ስለዚህ በደብተርዎ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ይስጡ። አዲስ ቃል ሲገጥምዎት መጀመሪያ አነባበቡን ከሚናገር ሰው ወይም ድምፅ ካለው መዝገበ ቃላት ሰምተው፣ ከዚያ በኋላ በገጹ ላይ ያስፍሩት፤ ከፊደሉ ተነስተው አይገምቱ።