ተጎታቹ ሲነዝር፦ ከቤት ወደ ካራቫን የሚገባው መብራት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍል። ከመንገድ ሥራ ካምፕ በጨረታ የወጣ አሮጌ የአውሮፓ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ቤት) ገዝቼ ጅሬን ግቢዬ ውስጥ አቁሜዋለሁ። አካሉ አሉሚኒየም፣ ሻንሲው ብረት ነው። መብራት የሚገባበት ሶኬት ተሰባብሮ ስለነበር አንድ ሠራተኛ ባለሁለት ሽቦ ገመድ በመስኮት አስገብቶ አገናኘልኝ። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲርስ፣ በባዶ እግሬ ቆሜ በሩን ስነካ ይነዝረኛል። የሚገርመኝ ግን አንድ ቀን ነዝሮ ሌላ ቀን ዝም ማለቱ ነው። ችግሩ ምንድን ነው? እንደገና ላሠራው ብልስ ምን ምን ልግዛ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቀሪውን ከማንበብዎ በፊት ስፒናውን ከግድግዳው ይንቀሉት፤ ሥራው ተጠናቆ እስኪያልቅም አይሰኩት። ዛሬ ነዝሮ የለቀቀ ኮረንቲ ነገ መሬቱ በደንብ ሲርስ ሰው ይገድላል።

አንድ ቀን ነዝሮ ሌላ ቀን ዝም ማለቱ ምክንያቱን ይጠቁማል። ቤታችን የምንጠቀምበት ባለሁለት ክብ እግር ስፒና ተገልብጦም ይሰካል። ዛሬ ፌዝ (ኮረንቲ የሚመጣበት ሽቦ) የያዘው እግር ነገ ኒውትራል (ኮረንቲው የሚመለስበት) ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ገመድዎ ሁለት ሽቦ ብቻ ስለሆነ ኧርዝ፣ ማለትም ያፈሰሰውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ፣ የለውም። ኧርዝ ሲታጣ ደግሞ ኒውትራሉን ከሻንሲው ጋር አስሮ «ይኸው ኧርዝ» የሚል ሠራተኛ አይጠፋም። እንዲህ ከተሠራ፣ ስፒናው በአንድ በኩል ሲሰካ ምንም አይታወቅም፤ ሲገለበጥ ግን 220 ቮልቱ እንዳለ ሻንሲው፣ ላሜራውና የበሩ እጀታ ላይ ይሆናል። ተጎታቹ በጎማ ላይ ስለቆመ ኮረንቲው ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ የለውም፤ ብሬከሩም አይወርድም። መንገድ የሚሆነው በሩን የነካው ሰው ነው። በደረቅ ቀን ጫማ ያደረገ ሰው ላይሰማው ይችላል፤ በጅማ ክረምት በባዶ እግሩ የቆመ ግን ያገኘዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ያረጀ ሽፋን ነው። የሽቦው ላስቲክ ደርቆ ሲሰነጠቅ ወይም ሶኬት ውስጥ እርጥበት ሲገባ ጥቂት ኮረንቲ ወደ አካሉ ያፈስሳል። ሁለቱን በመልቲሜትር መለየት ይቻላል። ስፒናው ተነቅሎ፣ ውስጥ ያሉት ዕቃዎችም ሁሉ ተነቅለው፣ ሜትሩን ኦም (የመቋቋም መለኪያ) ላይ ያድርጉ። አንዱን ጫፍ ቀለሙ በተፋቀ የሻንሲ ብረት ላይ፣ ሌላውን በየተራ በስፒናው እግሮች ላይ ያሳርፉ። ከአንደኛው እግር ጋር ዜሮ አካባቢ ካሳየ ወይ ኒውትራሉ ታስሯል፣ ወይ የተላጠ ሽቦ ብረቱን ነክቷል። በሺህ የሚቆጠር ኦም ካሳየ ሽፋኑ እያፈሰሰ ነው። በሁለቱም ቢሆን የድሮውን የ220 ቮልት ሽቦ በሙሉ አውጥተው እንዲጥሉ እንመክራለን። አሥርተ ዓመታት የቆየ ላስቲክ ዛሬ ቢቀጠል ነገ ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል።

ሰው ሁሉ የሚመክረውን እንጥቀስ፦ «ብረት መሬት ውስጥ ቅበርና ከሻንሲው ጋር እሰር»። ብቻውን አያድንም። ሒሳቡን እንየው። የተቀበረው ዘንግ በእርጥብ ቀይ አፈር 50 ኦም ቢሰጥ፣ ፌዝ አካሉን ሲነካ ወደ መሬት የሚወርደው 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፔር ነው። 16 አምፔር ብሬከር ይህን እንደ አንድ አነስተኛ ምድጃ ቆጥሮ ዝም ይላል፤ አካሉም ኮረንቲ እንደያዘ ይቆያል። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ የሚወርደው ከዚህም ያንሳል። ሰው የሚያድነው ባለ 30 ሚሊ አምፔር ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ነው። በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ይመዝናል፤ 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ ከ0.3 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ይቆርጣል። ለዚህ ዕቃ 50 ኦም ዘንግ ከበቂ በላይ ነው። ዘንግና ኧርዝ ሊኬጅ አንድ ላይ ይሁኑ፤ በአንዱ ለመቆጠብ አይሞክሩ።

ወደ ዕቃው እንሂድ። ለተጎታቹ አካል ክዳን ያለው፣ እግሮቹ ወደ ውጭ የሚታዩ፣ 16 አምፔር ባለ 3 እግር ሰማያዊ ኢንዱስትሪያል ወንዴ ይግዙ። ለገመዱ አንድ ሴቴ፣ በቤቱ በኩል አንድ ወንዴ ስፒና፣ ለግድግዳው ደግሞ አንድ ሴቴ ሶኬት ከዚያው ዓይነት ያስፈልጋል። ጅማ መርካቶ ካጡት የግንባታ ማሽን ዕቃ የሚሸጡትን ይጠይቁ፤ የቤቶኒየራ ገመድ ላይ የሚታየው ዓይነት ነው። ጥቅሙ አለመገልበጡ ነው፦ የኧርዙ እግር ከሌሎቹ ወፍራም ስለሆነ የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሁለቱም ጫፉ ወንዴ የሆነ ገመድ ግን በምንም ምክንያት አይሥሩ፤ አንዱ ጫፍ ሲሰካ የሌላው እግሮች በአየር ላይ ኮረንቲ ይይዛሉ።

ገመዱ ውጪው ጎማ የሆነ፣ ውስጡ በቀጫጭን ክሮች የተሠራ ባለ 3 ሽቦ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን፤ 25 ሜትር የተለመደው ልክ ነው። የቤት ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ባለ አንድ ድፍን ሽቦ ለተጎታች አይሆንም። መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ብሎኑ ሥር ይቆረጣል።

ውስጥ ለሚገባው ቦርድ አንድ ባለ 2 ፖል 40 አምፔር ኧርዝ ሊኬጅ ባለ 30 ሚሊ አምፔር፣ ለሶኬቶቹ አንድ ባለ 2 ፖል 16 አምፔር ብሬከር፣ ለመብራቱ አንድ ባለ 2 ፖል 10 አምፔር ይበቃል። ሱቁ «አንድ ፖል ይበቃል፣ ይረክሳል» ቢልዎ አይቀበሉ። አንድ ፖል ብሬከር የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው፤ በቤቱ በኩል ፌዙና ኒውትራሉ ተገልብጠው ከታሰሩ የሚቆረጠው ኒውትራሉ ይሆንና ፌዙ «በጠፋ» ብሬከር ሥር ይቀራል። ለሶኬት 2.5፣ ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር፤ ሻንሲውን ከቦርዱ ኧርዝ ጋር ለማገናኘት ደግሞ 4 ካሬ ሚሊሜትር አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ይያዙ።

ሥራው ሲጀመር የድሮውን ሶኬት ነቅለው ዙሪያውን በካቻቢቴ ጫፍ ይውጉት። በእነዚህ አሮጌ ካራቫኖች ላሜራው ሥር እንጨት አለ፤ ውኃ የገባበት እንጨት ካቻቢቴውን ያስገባል። የበሰበሰውን ቆርጠው በአዲስ ሳይተኩ ሶኬቱን ቢያሥሩት ብሎኑ በሁለተኛው ጉዞ ይረግፋል። ቦታውን መቀየር ከፈለጉ ከመሬት ከ1.8 ሜትር አይለፍ። ከኋላው ቡቲል የሚባለውን የማይደርቅ ማጣበቂያ ያንጥፉ። ሲሊኮን ብቻ የቀቡ እንደሆነ ሲላቀቅ በላዩ ሌላ ሲሊኮን አይዝም፤ የቀደመውን ሙሉ በሙሉ መፋቅ ግድ ነው።

ሽቦውን 8 ሚሊሜትር ያህል ላጥ አድርገው ጫፉን በሚጨመቅ የመዳብ ቱቦ ያስሩት። ብዙ ሠራተኛ ጫፉን በስታኞ ይጠምቃል፤ ይህን እንዳያደርጉ። ስታኞ በብሎን ግፊት ቀስ በቀስ ይፈስሳል፣ ብሎኑ ይላላል፣ የላላው ይግላል፣ በመጨረሻ የሶኬቱ ፕላስቲክ ይቀልጣል። ኧርዙን ከሌሎቹ ሁለት 2 ሴንቲሜትር አስረዝመው ያስገቡ፤ ገመዱ በድንገት ቢሳብ መጨረሻ የሚነቀለው እሱ ይሁን። የገመዱን ማነቂያ ማጥበቅም አይዘንጉ። ከአንድ ወር አገልግሎት በኋላ ኮረንቲውን አጥፍተው ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና ያጥብቁ።

የሻንሲው ግንኙነት ብዙ ጊዜ ለይስሙላ የሚሠራ ስለሆነ ሳይቸኩሉ ይሥሩት። ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፍቁ፣ በትራፓኖ ይብሱ፣ ባለ 6 ሚሊሜትር የማይዝግ ብሎን፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላና ዳዶ አድርገው ያጥብቁ፤ ከጠበቀ በኋላ ግራሶ ይቀቡት። ራቁት መዳብ አሉሚኒየሙ ላይ በቀጥታ አይሠሩ፤ እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል። ኒውትራልን ከሻንሲ ጋር ደግሞ በምንም መንገድ አያገናኙ። በባትሪ የሚሠራው የ12 ቮልት ሽቦም በሌላ መንገድ ይሂድ፤ ከ220ው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አይገናኙ።

የሽቦ ቀለም አያታልልዎት። አሁን ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ኧርዝ ነው። በድሮ የእንግሊዝ ካራቫን ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል ነበር፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት በተሠራ የጀርመን ካራቫን ግን ቀዩ ኧርዝ ነው። ቀለም አይተው ሳይሆን በሜትር ለክተው ያገናኙ።

ከመሰካትዎ በፊት ከወንዴው የኧርዝ እግር እስከ ሻንሲውና እስከ በሩ እጀታ ይለኩ፤ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ሜገር (የሽቦ ሽፋን መፈተሻ) ያለው ባለሙያ በ500 ቮልት በሽቦዎቹና በኧርዝ መካከል ይለካልዎ፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ አይሰካም። የቤቱን ሶኬትም ይፈትሹ፦ የኧርዝ ምላስ ኖሮት ከኋላው ሽቦ የሌለው ሶኬት በየቤቱ አለ። በቤቱ በኩልም ሌላ 30 ሚሊ አምፔር ኧርዝ ሊኬጅ ይኑር፤ የውስጡ ቦርድ ግቢ ላይ የተዘረጋውን ገመድ አይጠብቅም። ሲሰኩ መጀመሪያ በተጎታቹ በኩል፣ ቀጥሎ በግድግዳው፤ ሲነቅሉ በተቃራኒው። ከዚያ ኧርዝ ሊኬጁ ላይ ያለውን መሞከሪያ ቁልፍ ይጫኑ፤ ወዲያው ካልወረደ ዕቃውን ይመልሱ።

ጥያቄ፦ የእኔ ተጎታች የአሜሪካ ነው። ስፒናው ሁለት ያጋደሉ ጠፍጣፋ እግሮችና አንድ ክብ እግር አለው። አዳፕተር ሠርቼ ልሰካው? ከኮቺ

መልስ፦ አይሰኩት። ያ ስፒና የ120 ቮልት 30 አምፔር ነው፤ 220 ቢያስገቡበት ፍሪጁ፣ ቻርጀሩና አምፖሉ አብረው ይቃጠላሉ። ሁለት ምርጫ አለዎት። አንደኛው 220ን ወደ 120 የሚያወርድ፣ ሁለቱ ጥቅልሎቹ የተለያዩ ትራንስፎርመር ነው፤ 30 አምፔሩን ሙሉ ለመጠቀም 3.6 ኪሎ ቮልት አምፔር ያስፈልጋል፣ ከባድና ውድ ነው። የእኛ መስመር 50 ሄርዝ፣ የእነሱ 60 ስለሆነም ሞተር ያለው ዕቃ አንድ ስድስተኛ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ኮምፕረሰርም ይግላል። እኛ የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው፦ የ120ውን ሶኬት፣ ብሬከርና ዕቃ አውጥቶ ከላይ በተገለጸው መንገድ በ220 መሥራት፣ የ12 ቮልቱን መብራት እንዳለ መተው፣ ቻርጀሩን ብቻ በ220 መተካት። በአሜሪካ ሽቦ ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል መሆኑን ግን ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ በተጎታች ውስጥ ቁርስና ቡና ልሸጥ አስቤያለሁ። ከቆጣሪው 40 ሜትር ይርቃል። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ አለኝ፤ የእንጀራ ምጣድም ላስገባ እፈልጋለሁ። ከሄርማታ

መልስ፦ እህታችን፣ 16 አምፔር በ220 ቮልት 3,520 ዋት ነው። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። ምጣዱ ሲሞቅ ለፍሪጅ፣ ለቡና ምድጃና ለአምፖል የሚተርፍ የለም፤ የሶኬቱ እግሮችም ለሰዓታት በሙሉ ጭነት ሲቆዩ ይግላሉ።

ያለዎት ገመድ በ40 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 1.06 ኦም ገደማ ነው። 16 አምፔር ሲያልፍበት 17 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ 270 ዋት ያህል ሙቀትም ገመዱ ውስጥ ይቀራል። ተዘርግቶ ሲሆን ይህ ሙቀት ወደ አየር ይወጣል። ትርፉ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተቀመጠ ግን መውጫ አጥቶ ላስቲኩን ያቀልጣል፤ ስለዚህ ገመድ ሲጫን ምንጊዜም እስከ መጨረሻው ይዘርጉት።

ለምጣዱ 4 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ፣ የራሱ 25 አምፔር ብሬከርና ባለ 32 አምፔር ሰማያዊ ሶኬት ለብቻው ያሠሩለት፤ ኧርዝ ሊኬጁ በዚህም መስመር ላይ ይኑር። ለቀሪው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ በ16 አምፔር ይበቃል፤ በ40 ሜትር የሚጎድለው 10 ቮልት ገደማ ነው። የቆጣሪዎ ዋና ብሬከር ሁለቱን አንድ ላይ መሸከሙን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ አዲስ ኧርዝ ሊኬጅ አስገብቼ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይወርዳል። ሠራተኛው «አውጣው ወይ በ300 ሚሊ አምፔር ቀይረው» ይለኛል። ከቦሳ

መልስ፦ ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ አያውጡት፣ በ300ም አይቀይሩት። ያ ለእሳት መከላከያ የሚሆን እንጂ ሰውን የሚያድን ልክ አይደለም። ያፈሰሰውን ቦታ ይፈልጉ። የሚወርደው የቤቱ ከሆነ ገመዱን ከተጎታቹ ነቅለው ባዶውን ያብሩት፤ ያኔም ከወረደ ጥፋቱ ገመዱ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሣር ላይ የተጣለ መቀጠያ ውስጥ ውኃ ገብቶ ይገኛል። ካልወረደ ወደ ውስጥ ይግቡ፦ ዕቃዎቹን ሁሉ ነቅለው፣ ብሬከሮቹን አጥፍተው አንድ በአንድ ያብሩ። የቡና ምድጃና የውኃ ማሞቂያ ሽቦ እርጥበት ሲጠጣ ማፍሰስ ልማዱ ነው። ዕቃ ሁሉ ተነቅሎም ከወረደ ከውጭው ሶኬት በስተጀርባ ይመልከቱ። ገመዱ ከላይ ወደ ታች እየመጣ በቀጥታ የሚገባ ከሆነ የዝናቡ ውኃ ገመዱን ተከትሎ ውስጥ ይገባል። ከመግቢያው በታች አንድ ክንድ ያህል እንዲንጠለጠል አድርገው መልሰው ወደ ላይ ያስገቡት፤ ውኃው ከዝቅተኛው ቦታ ይንጠባጠባል። መቀጠያ ካለ ከመሬት ከፍ አድርገው በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ፣ አፉን ወደ ጎን አዙረው ያስቀምጡት።