የልጆች ጌም ስንከፍት፦ ዕድሜውን በእውነት፣ ገበናውን በቤት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ8 ዓመት ልጅሽ ሮብሎክስ የሚባለውን የኢንተርኔት ጌም ክፈቺልኝ እያለ ይወተውትሻል። የአክስቱ ልጅ ደግሞ «የተወለደበትን ዓመት 2005 በይው፣ አለዚያ ቻቱ አይሠራም» ብሎሻል። ልጅሽ እያየ መዋሸት ከበደሽ። እውነተኛ ስሙንና ልደቱን ለማታውቂው ድርጅት መስጠትም አስፈራሽ። አሜሪካ ከመጣችሁ ገና ዓመት አለመሙላቱንም ጽፈሻል።

እኔም እዚሁ ቨርጂኒያ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ትልቋ 12፣ ትንሹ 9 ዓመቱ ነው። ሁለቱም ጌም ይወዳሉ። አካውንታቸውን የከፈትነው አብረን ቁጭ ብለን ነው። በእኔ በኩል መልሱ ይሄ ነው፦ ዕድሜውን በትክክል ተናገሪ፤ ጨዋታው የማያስፈልገውን ሌላውን ሁሉ ግን አትስጪ። አለመስጠት ውሸት አይደለም።

ዕድሜው ላይ ለምን እንደማልደራደር ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ ኮፓ የሚባል የልጆች የኢንተርኔት መረጃ ጥበቃ ሕግ አለ። በ1998 ወጥቶ ከ2000 ጀምሮ ይሠራል (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ድርጅቶች ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የግል መረጃ ከመሰብሰባቸው በፊት ወላጁን ማስፈቀድ አለባቸው። ወላጅ የተሰበሰበውን መረጃ የማየትና አጥፉልኝ የማለት መብት አለው። ለወግ የተጻፈ ሕግ አይደለም። ፎርትናይት የሚባለው ጌም ባለቤት ኤፒክ ጌምስ በ2022 መጨረሻ በዚህ ሕግ 275 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። ከክሱ አንዱ የልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰቡ ነበር። የድምፅና የጽሑፍ ቻቱ ከመጀመሪያው ክፍት ሆኖ መምጣቱም ተነሥቶበታል። በ2023 ማይክሮሶፍትም ኤክስቦክስ በሚባለው የጌም አገልግሎቱ ምክንያት 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል።

2005 ብለሽ ስትሞይው ግን ልጅሽ በድርጅቱ መዝገብ ላይ ጎልማሳ ሆነ። ፈቃድሽን የሚጠይቅ የለም። ለልጆች የተዘጋው ሊከፈትለት ይችላል። ከማን ጋር ይጻጻፍ የሚለውም በዚያ በውሸቱ ዕድሜ ሊወሰን ነው። ሐኪም ለልጅ መድኃኒት ሲያዝ ዕድሜውንና ክብደቱን እንደሚጠይቀው ነው፤ ጨምረሽ ከነገርሽው የሚጎዳው ልጁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ የእኛን ሰው ብቻ ይመለከታል። ለመዋሸት ሳናስብ ልጁን የምናስረጅበት መንገድ አለ። ልጅሽ በእኛ አቆጣጠር ጥር 2010 ተወለደ እንበል። ፎርሙ ላይ 2010 ብለሽ ከመረጥሽ በአንድ ጊዜ 8 ዓመት ጨመርሽለት። የ8 ዓመቱ ልጅ የ16 ዓመት ጎረምሳ ሆነ ማለት ነው። ትክክለኛው 2018 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ለተወለደ ልጅ ልዩነቱ በአብዛኛው 7 ዓመት ነው። በቃልሽ ከማስላት ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቀን ገልብጪ። አገር ቤት ያሉ አያቶችና አክስቶች ሲከፍቱለትም ይህን አስታውሻቸው።

አሁን ወደ ገበናው። ያው ሕግ ድርጅቱ ለመጫወት ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ ከልጅ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ስለዚህ ስታስቀሪ ሕጉም ከአንቺ ጋር ነው።

ዩዘርኔሙ ላይ ስሙ አይግባ። የእኛ አጠራር ከሌላው ይለያል፤ ልጁ ስሙን ከነአባቱ ከጻፈ አባቱንም አብሮ አሳወቀ። ከዚያ ፌስቡክ ላይ አባቱን ፈልጎ የቤተሰቡን ፎቶ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁንና ሰፈራችሁን ማግኘት ቀላል ነው። በተለይ እዚህ፣ ሐበሻው እርስ በርሱ በሚተዋወቅበት አካባቢ። የልደት ዓመት፣ የትምህርት ቤት ስም፣ የሚጫወትበት የኳስ ቡድንም አይግባ። የእኔ ትንሹ መጀመሪያ የመረጠው ስሙንና የተወለደበትን ዓመት አጣምሮ ነበር። ለምን እንደማይሆን ነገርኩትና የሚወደውን እንስሳና የሚወደውን ምግብ አገጣጥሞ ሌላ አወጣ። ሁሉም ሰው የጨዋታ ስም መሆኑን ስለሚያውቅ በዚህ የሚታለል የለም።

ኢሜይሉ የአንቺ ይሁን፤ ለጌም ብቻ የተለየ ብትከፍቺ ይመረጣል። የሌለ ኢሜይል ግን አትጻፊ፣ ፓስዎርድ ሲጠፋ መግቢያ ታጫለሽ። ፎቶ አያስፈልግም። አንድ ጊዜ አንዱ የጌም አፕ የልጄን ሙሉ ስም፣ ትምህርት ቤቷንና ፎቶዋን ካልሞላሽ አላሳልፍም አለኝ። ዘግቼው ወጣሁ፤ የጀመርኩትን እንዲያጠፉም ጻፍኩላቸው። ልጄ ለሁለት ቀን አኮረፈች። ከዚያ ሌላ ጌም አገኘች።

ሮብሎክስ ላይ የወላጅ አካውንት ከልጁ ጋር ማገናኘት ትችያለሽ። ወላጅ መሆንሽን በመታወቂያ ወይም በክሬዲት ካርድ ያረጋግጣሉ፤ እዚህ ላይ የራስሽን እውነተኛ መረጃ ስጪ። ወጪውን፣ የሚገባባቸውን ጨዋታዎችና ጓደኞቹን ከዚያ ትቆጣጠሪያለሽ። ቻት ለመክፈት አሁን ፊትን በካሜራ አይቶ ዕድሜ የሚገምት ማረጋገጫ አለ። ከ9 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ያለ ወላጅ ፈቃድ ቻቱ አይከፈትም። እኔን ከጠየቅሽኝ ለ8 ዓመት ልጅ ቻት አልከፍትም። ካልከፈትሽ ፊቱንም ማሳየት የለበትም። ከአክስቱ ልጅ ጋር ማውራት ከፈለገ በአንቺ ስልክ በቪዲዮ ይደዋወሉና እያወሩ ይጫወቱ። የእኔዎቹ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ ሳቃቸው ሳሎን ድረስ ይሰማል።

ከሁሉ በላይ የደከምኩበት ግን ሴቲንጉ አይደለም። ልጆቻችንን ትልቅ ሰው ሲጠይቃቸው በጨዋ ደንብ እንዲመልሱ ነው የምናሳድገው። ስምህ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነህ፣ ስንተኛ ክፍል ነህ ሲባል ዝም ያለ ልጅ እንደ ስድ ይቆጠራል። ኢንተርኔት ላይ ግን ይኸው ጨዋነት ያጋልጠዋል። ስለዚህ «አልናገርም» ማለት እንደሚፈቀድለት ከአፍሽ መስማት አለበት። ልጄ «ዕድሜሽ ስንት ነው ቢሉኝ 20 ልበል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። ውሸት መፍጠር አይጠበቅብሽም፣ «አልናገርም» ብለሽ ውጪ። ደጋግሞ የጠየቀሽን አሳዪኝ። አንድ ቀን ጌም ውስጥ የማታውቀው ሰው የየት ትምህርት ቤት ተማሪ ነሽ ብሏት ታብሌቱን ይዛ መጣች። አብረን ብሎክና ሪፖርት አደረግነው። አልተቆጣሁም። ብቆጣት ኖሮ በሚቀጥለው አትነግረኝም ነበር። ነፃ ሮበክስ (የሮብሎክስ የጨዋታ ገንዘብ) እንሰጣለን እያሉ ፓስዎርድ የሚጠይቁትንም አብራችሁ እዩዋቸው፤ ሌቦች ናቸው።

አውሮፓ ያላችሁ የወላጅ ፈቃድ የሚያስፈልግበት የዕድሜ ገደብ እንደየአገሩ እንደሚለያይ አስተውሉ፤ ጀርመን 16፣ ስዊድን 13 ነው። አገር ቤትም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል (ይህ 2016 በእኛ አቆጣጠር ነው)።

የአክስቱን ልጅ ነገር ደግሞ ዝም አትበይው። የእሱም አካውንት «የተወለድኩት በ2005 ነው» ተብሎ የተከፈተ ይመስለኛል። ቤተሰቡን በእርጋታ አነጋግሪያቸው። ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ጽፈው የልደት ቀኑ እንዲስተካከል ይጠይቁ። እምቢ ካሉ አሮጌውን አስጠፍተው በትክክለኛው ቀን አዲስ ይክፈቱለት። ያጠራቀመው ልብስና ዕቃ ስለሚቀርበት ይከፋዋል። ከመዝጋታቸው በፊት የጓደኞቹን ዩዘርኔም ይጻፍ፤ በአካል የሚያውቃቸውን አዲሱ ላይ መልሶ ያስገባቸዋል።